የጎሪላው እከክ ከማን መጣ?

የእንስሳት ሐኪሟ ለአንባቢያን ጥያቄ ትመልሳለች

ባለፈው እትም ስለ ኮሶ ትልና ስለ ጥሬ ሥጋ ከጻፍኩ ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ከሉካንዳ ቤት ወጥተው ጫካ ገብተዋል። አንዱ ስለ ጎሪላ፣ አንዷ ስለ ቺምፓንዚ፣ ሌላው ስለ ዝንጀሮ ይጠይቃል። ዘንድሮ ሰዉ ምን ነክቶታል ብዬ ሰብስቤ አስቀመጥኳቸውና ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ ነው። ላልለየው አንባቢ፦ ጎሪላ፣ ቺምፓንዚ፣ ቦኖቦና ኦራንጉታን ጅራት የላቸውም፤ ከእንስሳት ሁሉ ለሰው የሚቀርቡትም እነሱ ናቸው። በአገራችን ዱር አንዳቸውም የሉም። የእኛዎቹ ዝንጀሮ፣ ጭላዳ፣ ጦጣና ጉሬዛ ራቅ ያሉ ዘመዶች ናቸው።

ደብዳቤዎቹ ሁሉ «ከእነሱ ምን ይይዘን ይሆን?» ነው የሚሉት። «እነሱንስ ከእኛ ምን ይይዛቸዋል?» ያለ አንድም ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

«ዶክተር፣ በሚቀጥለው ወር ለሥራ ወደ ካምፓላ እሄዳለሁ። እግረ መንገዴን ብዊንዲ ወርጄ ጎሪላ ማየት አስቤ ነበር። እናቴ ግን "እከክና ትል ይዘህልኝ ልትመጣ ነው" ብላ እምቢ አለች። እውነት ያስፈራል?» — ዮ. ከአዲስ አበባ

ልጄ፣ እናትህን አታስቀይማት፤ ፍርሃቷ ግን አቅጣጫውን ስቷል። በብዊንዲ፣ በዚያ በዩጋንዳ የጎሪላ ደን፣ የእከክ ታሪክ አለ፤ እከኩን የወሰዱት ግን ጎሪላዎቹ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሰው ከለመዱት የብዊንዲ የጎሪላ ቤተሰቦች በአንዱ ፀጉር ይረግፍ፣ ቆዳም ነጣ ያለ ቅርፊት እያወጣ ይላጥ ጀመር። የቤተሰቡ አባላት አራት ነበሩ። ዶክተር ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ ያኔ ገና ወጣት፣ በዩጋንዳ ብሔራዊ ፓርኮች የተቀጠረች የመጀመሪያዋ የዱር እንስሳት ሐኪም ነበረች። ያደረገችውን ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል፦ የእንስሳት መጽሐፍ ከማገላበጥ ይልቅ የሰው ሐኪም የሆነ ወዳጇን «በዚህ አገር ሰው ላይ የሚበዛው የቆዳ በሽታ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። መልሱ እከክ ነበር። ምርመራውም ያንኑ አረጋገጠ፤ ሳርኮፕተስ ስካቢየይ የተባለችው፣ የእኛን ጣት መሃል የምትቆፍረው ተባይ ናት። ግልገሉ ሞተ። የቀሩት አይቨርሜክቲን ተሰጥቷቸው ዳኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ቤተሰብ ላይ ዳግመኛ ታየ።

እንዴት ደረሰባቸው? ጎሪላ የፓርክ ወሰን አያውቅም። የሙዝ ግንድ ልቡ ይጥመዋልና ከጫካ ወጥቶ ማሳ ይገባል። ገበሬው ደግሞ አውሬ እንዲሸሽ ብሎ በማሳው መሃል አሮጌ ልብስ ያለበሰው ማስፈራሪያ ያቆማል። ጎሪላ አዲስ ነገር ካየ ሳይነካ፣ ሳያሸት አያልፍም። የተጠረጠሩት እነዚያ ልብሶች ናቸው። የእከክ ተባይ ከገላ ከተለየች ሁለት ሦስት ቀን መቆየት ትችላለች፤ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ብዊንዲን ካላየኸው፣ ከ1,160 እስከ 2,607 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጭጋግ የማይለየው ደን ነው። ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ቶሎ አይደርቅም።

እከክ ውኃና ሳሙና ባጠረበት የሚበረታ በሽታ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ምን ያህል እንደተስፋፋ የምናውቅ እናውቃለን። ዶክተር ግላዲስም ጎሪላን ብቻ ማከም ውኃ መውቀጥ መሆኑ ስለገባት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኮንሰርቬሽን ስሩ ፐብሊክ ኸልዝ የተባለውን ድርጅት መሠረተች፤ የመንደሩን ሰውና የጎሪላውን ጤና አንድ ላይ የሚከታተል ነው። እኔ የሐኪም አድልዎ ይኑረኝ አይኑረኝ እንጃ፤ በዚያ አገር ለጎሪላ ከአጥር ይልቅ ሳሙና ይበጃል ባይ ነኝ።

አሁን ወዳንተ። ጎብኚዎች ከስምንት አይበልጡም፣ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ነው፣ በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ከአሥር ሜትር ሳትቀርብ። ግልገል ወዳንተ ቢመጣ የምትሸሸው አንተ ነህ። ጉንፋን ከያዘህ ከፈቃዱ ገንዘብ ይልቅ ጎሪላው ይበልጣልና ሳትደብቅ ተናገር። ከትል ይልቅ የሚገድላቸው የእኛ ሳል ነው፤ በዚያው በዩጋንዳ፣ በኪባሌ ደን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እኛን አፍንጫ ከማስነፈጥ የማያልፍ ቫይረስ አምስት ቺምፓንዚዎች ገድሏል።

ጫካ ውስጥ ሆድህ ቢቸኩል 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ተጠቅመህ አፈር ይመለስበታል። ጎብኚ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሳይ የኖርኩ ሰው አልስቅም፤ ጃርዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባሉት በዓይን የማይታዩ የአንጀት ተሕዋስያን በብዊንዲ ጎሪላዎች ሰገራ ውስጥ ተገኝተዋል፤ ሁለቱም በሰውና በከብት ሰገራ በተበከለ ውኃ የሚዞሩ ናቸው።

ለእናትህ እንዲህ በላት፦ የሚያሰጋው ጎሪላው ሳይሆን የወባ ትንኝና ያልፈላ ውኃ ነው። አጎበርህን ያዝ፣ መከላከያ ክኒኑን ሐኪም ጠይቅ።

«በጅማ አካባቢ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሰውና ቺምፓንዚ "አንድ ዓይነት የመንጠቆ ትል" ይጋራሉ የሚል ነገር አነበብኩ። እኛ በየቀኑ የምናየው የመንጠቆ ትል ዕንቁላል ነው። በዕንቁላሉ ብቻ አንድ ዓይነት መሆኑ እንዴት ታወቀ?» — ገ.

የሙያ ልጅ! ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። በአጭሩ፣ በዕንቁላሉ አይታወቅም። ሞላላ፣ ቅርፊቱ ስስ፣ ውስጡ የተከፋፈሉ ሴሎች ያሉት ዕንቁላል ስታይ «የመንጠቆ ትል» ብለህ ትጽፋለህ፤ እኔም እጽፋለሁ። ነገር ግን ኢሶፋጎስቶመም የሚባለው፣ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ እባጭ የሚሠራው ትል ዕንቁላሉ ቁርጥ እሱኑ ነው። ሰገራው ለሳምንት ያህል እርጥበት ውስጥ ተቀምጦ ዕንቁላሉ ተፈልፍሎ እጩ ሲያድግ ነው በቅርጹ የሚለየው፤ ወይም በዘረመል ምርመራ።

ይህ መመሳሰል ሰዎችን ሁለት ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ አሳስቷል።

የመጀመሪያው በሰሜን ቶጎና በሰሜን ጋና ነው። በዚያ ኢሶፋጎስቶመም ቢፈርከም የሚባለው ዓይነት ሰው ይይዛል፤ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሰው ተይዟል ተብሎ የተገመተበት ጊዜ ነበር። አንጀት ላይ እባጭ ይሠራል፣ አንዳንዴ ሆድ ላይ እንደ ድንጋይ የሚዳሰስ ጉብታ ይወጣል። በቶጎዋ ከተማ ስም «የዳፓኦንግ ዕጢ» ይሉት ነበር፤ ካንሰር መስሏቸው ሆድ የቀደዱ ቀዶ ሐኪሞች አሉ። ይኸው ዝርያ በዝንጀሮና በጦጣ ሆድም ስለሚገኝ፣ «በቃ ከጦጣ ነው የሚመጣው» ተባለ። ዘረመሉ ሲመረመር ግን የሰዉና የጦጣዎቹ ተለያየ፤ ስሙ አንድ፣ ቅርጹ አንድ፣ መንገዱ ግን ለየብቻ። በሽታውም የጠፋው ጦጣ በማባረር አይደለም። ትንኝ ለሚያስተላልፈው የዝሆኔ በሽታ ሲባል ለሕዝቡ በዘመቻ የታደለው አልቤንዳዞል የተባለ የትል መድኃኒት ይህንንም አብሮ ጠረገው።

ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው። በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዛንጋ ሳንጋ በሚባለው ደን ዱካ የሚከተሉ ሠራተኞችና የደኑ ነዋሪዎች ከጎሪላና ከቺምፓንዚ ጋር አንድ መሬት ይረግጣሉ። ማንም የሚጠብቀው ሰው የሰውን የመንጠቆ ትል፣ ኔካቶር አሜሪካነስን፣ ጎሪላ ደግሞ የጎሪላውን ይዞ መገኘቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው የዘረመል ጥናት ግን የጎሪላ የሚባለው ኔካቶር ጎሪሌ በሰው ሆድ ተገኘ፤ የሰው የምንለውም በእንስሳቱ። እጩ አፈር ላይ ሆኖ የሚረግጠውን ይጠብቃል እንጂ ስም አይጠይቅም። ባዶ እግር ከሆነ ገባ።

ስለዚህ «ይጋራሉ» የሚል ወሬ ስትሰማ ጥያቄህ «በምን አዩት?» ይሁን። በማይክሮስኮፕ ብቻ ከሆነ ዝም ብለህ እለፈው። ጅማ ያለኸው አንተ የምታየው ዕንቁላል የሰው ነው፤ ባዶ እግርና ሽንት ቤት ማጣት ያመጡት። ቺምፓንዚ የለበትም።

«የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። አንድ ተማሪዬ "ወባ ከጎሪላ ነው የመጣችው" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ቢያሳፍረኝም መልስ አልነበረኝም።» — ከጋምቤላ

መምህር፣ ተማሪዎ ትክክል ነው፤ ክፍሉ ፊት ቢያመሰግኑት ደስ ይለኛል። ለፋልሲፓረም፣ ገዳይዋ ወባ ማለት ነው፣ የተናገረው ይሠራል።

የጀርመኑ ተመራማሪ ራይከኖው በካሜሩን የጎሪላና የቺምፓንዚ ደም ውስጥ የወባ ተሕዋስያንን ካየበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1920 ገደማ ጀምሮ፣ በስሙ የተሰየመችው የቺምፓንዚ ወባ የእኛዋ እኅት ናት ሲባል ኖሯል። ሰውና ቺምፓንዚ ከአንድ ግንድ ሲለያዩ ወባውም አብሮ ተለያየ የሚለው ትረካ ለብዙ ዘመን ጥሩ ይመስል ነበር። ችግሩ ማስረጃው ከጥቂት እንስሳት ደም የተገኘ መሆኑ ነው። የዱር ጎሪላን ይዞ ደም መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት።

ከዚያ ተመራማሪዋ ቢያትሪስ ሃንና ባልደረቦቿ ጎሪላውን ሳይነኩ የጣለውን ለቀሙ። የወባ ተሕዋሲ በደምና በጉበት ቢኖርም የዘረመሉ ቁራጭ በሰገራ ይወጣል። ከመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ወደ 3,000 የሚጠጋ የሰገራ ናሙና ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ውጤት የድሮውን ትረካ አፈረሰው፤ የሰው ፋልሲፓረም ዘር የሚገባው በምዕራብ ጎሪላ ተሕዋስያን መሃል ነው። የቅርብ ዘመዷ ፕራፋልሲፓረም ተብላለች። ሰገራ የሚንቅ ሰው ይህን ይስማ።

እንዴት ወደ ሰው ተሻገረች ለሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሥራ አለ። ተሕዋሲዋ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት አር ኤች 5 የሚባል ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ እሱ ደግሞ ሴሉ ላይ ያለ ባሲጂን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይይዛል። በተለምዶ የጎሪላውን የሚይዝ የሰውን አይዝም። በጥንት ዘመን አንዲት ጎሪላ በሁለት የወባ ዝርያ በአንድ ጊዜ ስትያዝ የዘረመል ቁራጭ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘለለ፤ የዘለለው ቁራጭ አር ኤች 5ን የያዘው ነበር፣ የሰውንም የጎሪላንም ሴል መያዝ ቻለ።

ታዲያ ዛሬም ከጎሪላ እየመጣች ነው? አይደለም። በደቡብ ካሜሩን የገጠር ነዋሪዎች 1,400 ገደማ የደም ናሙና ተመርምሮ የጎሪላ ወይም የቺምፓንዚ የሆነ ዓይነት አንድም አልተገኘም። የጋምቤላ ወባ ከሰው ወደ ሰው በትንኝ የምትሄድ የጋምቤላ ወባ ናት።

ስለ ሌላዋ የሰው ወባ፣ ስለ ቪቫክስ፣ ትንሽ ልጨምር፣ አገራችንን ይነካልና። በመካከለኛው አፍሪካ ጎሪላዎችና ቺምፓንዚዎች የቪቫክስ ዘመዶች በብዛት መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል፤ የዛሬው የሰው ቪቫክስም ከአፍሪካ ሳይነሣ አይቀርም። በዚያ አካባቢ ሰዉ ግን ቪቫክስ እምብዛም አይዘውም፤ ቀይ ደም ሴሉ ላይ ዳፊ የሚባለው ምልክት የለውምና ተሕዋሲዋ መግቢያ ታጣለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ለዚህ ነው እኛ ዘንድ ቪቫክስ የሰፋው። የሌላቸውም ላይ እዚሁ አገር ተገኝቷል፤ ስለዚህ የክፍልዎ ተማሪዎች «ዳፊ የለኝም» ብለው እንዳይዘናጉ። በመካከለኛው አፍሪካ ደን የሠራ አንድ አውሮፓዊ የእንስሳቱን ዓይነት ቪቫክስ ይዞ መገኘቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘግቧል። በር ተዘግቷል አልልም።

ዛሬ በግልጽ ከእንስሳ ወደ ሰው የምትሻገር ወባ ማሳየት ከፈለጉ ማሌዥያን ያንሡ። ኖውሌሲ የሚሏት ነች፤ ባለቤቶቿ ግን ጅራት ያላቸው የእስያ ጦጣዎች ናቸው። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሰው ወባን በአገሯ ዜሮ ስታደርግ ይቺኛዋ ግን በየዓመቱ ሰው መያዟን ቀጥላለች።

«ልጄ ከትምህርት ቤት ቅማል አመጣች። ጎረቤቴ "የጦጣ ቅማል ነው" አለችኝ።» — እናት፣ ከአዳማ

የልጅ ቅማል ነው። ከልጅ ጭንቅላት ወደ ልጅ ጭንቅላት። ለልጅሽ ጓደኞችም ይታይላቸው፣ ማበጠሪያው ጥርሱ ጠባብ ይሁን።

ጎረቤትሽን ለማስደንገጥ ግን ይህን ንገሪያት፦ የራስ ቅማላችን ዘመድ ቺምፓንዚ ላይ ነው ያለው፣ የብልት አካባቢ ቅማል ግን የቅርብ ዘመዱ የጎሪላ ቅማል ነው። በዘረመል ሲቆጠር የተለያዩት ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የያኔ ቅድመ አያቶቻችን ጎሪላ የተኛበት ላይ ተኝተው ይሆናል፣ ወይም ሥጋውን በልተው። ሌላም ግምት አለ፤ ለልጅሽ አትንገሪያት።

«ሰባን የተሻገርኩ ሴት ነኝ። የልጅ ልጄ "ቺምፓንዚም ሆዷን ሲያማት ግራዋ ትበላለች" አለኝ። እያሾፈብኝ ነው? ካልሆነስ እኔስ ብጠጣው?» — እማማ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

እማማ፣ አላሾፈም። ያ የምናውቀው ግራዋ ነው። እናቴ የጠላ ጋን በቅጠሉ ስትፈትግ ያደግሁ ነኝና ዜናውን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት እኔም ሳቅ አምልጦኛል።

ቦታው ታንዛኒያ፣ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር፣ የማሃሌ ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪው ማይክል ሃፍማን፣ ከቶንግዌ ሕዝብ ተወላጅና መድኃኒት አዋቂ ከሆነው ከሞሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ ጋር፣ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ ይከታተሉ ነበር። ፈዛለች፣ ሽንቷ ጠቁሯል። ግራዋው ጋ ሄዳ ለጋውን ቀንበጥ ሰበረች፣ ልጣጩንና ቅጠሉን ጣለች፣ የውስጡን አኝካ መራራውን መጠጠች፣ ጭራሮውን ተፋች። ዕፁ ለሆድና ለወባ እንደሚሆን ያወቀው ሞሐመዲ ነው፤ የእሱ ወገኖች ያንኑ ይጠጣሉና። በማግስቱ እንስሳዋ ተነሥታ መደበኛ ውሎዋን ዋለች። በሌላ ጊዜ በሌላዋ ቺምፓንዚ ሰገራ ውስጥ የትል ዕንቁላል ተቆጥሮ፣ ግራዋውን ከማኘኳ በፊት በአንድ ግራም 130 የነበረው በ20 ሰዓት ውስጥ ወደ 15 ወርዷል። ትሉ ከላይ ለጅማው ልጅ የነገርኩት፣ አንጀት ላይ እባጭ የሚሠራው ኢሶፋጎስቶመም ነው።

ሌላም ዘዴ አላቸው። ጠዋት በባዶ ሆድ አስፒሊያ የሚባለውን ዕፅ ሸካራ ቅጠል አጥፈው ሳያኝኩ ይውጡታል። ቅጠሉ ሳይፈጭ አንጀቱን ጠርጎ ይወጣል፤ ትሉ አንዳንዴ በሕይወቱ ከቅጠሉ ጋር ይገኛል። ይሄ መድኃኒት ሳይሆን መጥረጊያ ነው።

እርስዎስ? እማማ፣ ቺምፓንዚዋ ቅጠሉን መጣሏን ልብ ይበሉ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው መራራ ነገር ሲበዛ ይመርዛል። እርስዎ ደግሞ በዚህ ዕድሜ የደም ግፊት ወይም የስኳር ክኒን ሳይወስዱ አይቀሩም፤ ግራዋ ከእነዚህ ጋር ሲደባለቅ ልኩን የሚያውቅ ሐኪም የለም። ሰገራ ያስመርምሩ። ትል ካለ በርካሽ ክኒን ይወጣል። ግራዋውን ለጠላው ይተዉት፣ እዚያ ጌሾ ካገኙ።

«እዚህ ዝንጀሮ መኪና ላይ ወጥቶ ዳቦ ይነጥቃል። ቱሪስቱም ያጎርሰዋል። ጎሪላ ባይኖረንም እሱስ በሽታ የለውም?» — ከአርባ ምንጭ

አለው፤ ግን ከንክሻው በኋላ። መጀመሪያ የሚያሰጋው ጥርሱ ነው፤ የነከሰው ሰው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዛሬውኑ ይሂድ።

በትል በኩል በአባያና በጫሞ ሐይቅ ዳር ላለ ሰው የሚነሣው ቢልሃርዚያ ነው። በታንዛኒያ ጎምቤ ዝንጀሮዎች ሲያዙበት ታይቷል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ንጋምባ ደሴት መጠለያ ያሉ ቺምፓንዚዎችም ተይዘው ተገኝተው በፕራዚኳንቴል ታክመዋል፤ ጠባቂዎቻቸውም እንዲሁ ተይዘው ነበር። ሁሉም የያዛቸው ከአንዱ ሐይቅ ውኃ፣ በአንዱ ቀንድ አውጣ በኩል ነው። ቀንድ አውጣው እንዲሞት እንዶድን ያስታወቁት የእኛው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎችን አይተው ነው።

መንዝ ጓሳ ደግሞ በጭላዳዎች ገላ ላይ ትልልቅ እባጭ ይወጣል። የቴኒያ ሴሪያሊስ ትል እጭ ነው፤ ምንጩ የውሻና የቀበሮ ዘሮች ሰገራ። ሰውንም አልፎ አልፎ ይይዛል፤ ከጭላዳው ግን አይደለም፣ ከውሻው ነው። ዝንጀሮውን ማጉረስ ይቅር፤ ሰው ሁሉ ዳቦ እንደያዘ የሚያምን ዝንጀሮ መጨረሻው ጥይት ነው።

«በባሕረ ሰላጤ አገር የቤት ሠራተኛ ነኝ። አሠሪዎቼ ሕፃን ቺምፓንዚ አምጥተዋል። ልብስ ያለብሱታል፣ ከልጆቹ ጋር ይበላል። ጡጦ የምሰጠውም፣ ቆሻሻውን የማነሣውም እኔ ነኝ። ሆዴን እያመመኝ ነው፣ እጄም ያሳክከኛል።»

እኅቴ፣ የአንቺ ደብዳቤ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ያ ሕፃን ከዱር የተነጠቀ ሊሆን ይችላል። ቺምፓንዚ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ የተከለከለ ነው፤ ግልገሉን ለመያዝ ደግሞ እናቱን ይገድላሉ። ይህ ጥፋት ያንቺ አይደለምና ለማንም ስትናገሪ መጀመሪያ ራስሽን ጠብቂ፤ ፓስፖርትሽ በማን እጅ እንዳለ አውቂ።

ከእሱ ሊይዙሽ የሚችሉት ጃርዲያ፣ አሜባና የትል እጭ ናቸው፤ እከክም ካለበት እከኩ። ጓንት ጠይቂ፤ ካልሰጡሽ ያልተቀደደ የላስቲክ ከረጢት እጅሽ ላይ አጥልቂ። ሰገራውን በዋለበት አታሳድሪው፣ በዕለቱ አንሺው፤ ብዙዎቹ የትል ዕንቁላሎችና እጮች ለመያዝ ቀናት ይፈልጋሉ። ከጡጦው አትቅመሺ፣ አፍሽን አያስነኪው፣ ከእሱ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ አትተኚ። ስታስይ አፍሽን ሸፍኚ፣ ለእሱም ያንቺ ሳል ይከፋዋል። ጣቶችሽ መሃል ማታ ማታ የሚብሰው ማሳከክ ከሆነ እከክ ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ እንስሳውም ጭምር ካልታከመ ይመለሳል።

አንድ ትል ግን በስሙ ልንገርሽ፣ ወረቀት ላይ ጻፊው፦ ስትሮንጂሎይደስ። እጩ በቆዳ ይገባል። ካልታከመ ራሱን እያራባ በሰው ሆድ አሥርት ዓመታት መቆየት ይችላል፤ ተራ የሰገራ ምርመራም ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ሐኪም ስታገኚ «ከቺምፓንዚ ሰገራ ጋር እሠራለሁ» በይው፣ ምርመራው ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲደገም ወይም በደም እንዲታይ ጠይቂ። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፤ ለተራ ትል የሚሰጠው አንድ ክኒን አልቤንዳዞል ለዚህ አይበቃም። ሳይመረመርሽ ማንም ለአስም ወይም ለአለርጂ ብሎ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን እንዳይሰጥሽ፤ ትሉ ካለ በእነዚህ መድኃኒቶች ምክንያት በሰውነት ሁሉ ሊሰራጭና ሊገድል ይችላል። አገር ቤት ስትመለሺም ለሐኪምሽ ይህንኑ ንገሪ፤ ዓመታት ቢያልፉም።